ሰፈራችን አጠገብ ቤት ሊሠራ ነው ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአከራዬ ከእማማ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርን። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ሰፈራችን ጫፍ ባለው ሜዳ ላይ የቤት ማህበራት ጂ ፕላስ ሁለት ሊሠሩ ነው ተብሎ ሰው ተጠርቷል። ወረቀት እየዞረ ነው። «ግንባታውን አንቀበልም» ይላል። እኛ ጋ ሲደርስ እማማ መነጽራቸውን አውጥተው ፈረሙ። ከዚያ እኔን ዘለው ከኋላ ላለው ሰው ሰጡት። የማህበሩ አባል መሆኔን ያውቃሉ።

እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ልጄን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ተከራይቻለሁ። ያን ቀን አብረን ወደ ቤት ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ ግን አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ከተማዋ ጎጃም ውስጥ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ነገሩ የእሷ ብቻ አይደለምና። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ባሕር ዳርም ጭምር ወደ ዳር እየሰፉ ነው። ዳሩ ላይ ደግሞ ቀድሞ የገባ ሰው አለ፣ ገበሬ አለ፣ ቤት የሚጠብቅ ተከራይ አለ። የእኛ ግንባታ ከሁለት ዓመት በላይ ተጓተተ። ለግንባታው ብለን ባንክ ውስጥ በማይነካ ዝግ ሂሳብ ያስቀመጥነው ገንዘብ እዚያው ተቀምጦ አቅሙ አለቀ፤ ብረትና ሲሚንቶ አልጠበቁንም። ለዚያ መጓተት ጥፋቱ የአንድ ወገን አልነበረም። እኛም አጥፍተናል፣ ሰፈሩም አጥፍቷል። ሌላ ቦታ እንዳይደገም ያየሁትን እጽፋለሁ።

«የተቃወመ ሁሉ ምቀኛ ነው» ብሎ መነሳት

የእኛ የመጀመሪያ ስህተት ይህ ነው። «እነሱ ቤት አላቸው፤ እኛ እንዳይኖረን ነው የሚፈልጉት» ተባባልን። እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ ሆድንም ያሳርፋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ምንም አለመስማታችን ነው።

በአዳራሽ የሚነገረውና ቡና ላይ የሚነገረው አንድ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም «ፀጥታ ይደፈርሳል» አለ። እማማም ያንኑ አሉ። ከወራት በኋላ ቡና እያፈሉ ግን ሌላውን ነገሩኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ጓሮ ባሉት አራት ክፍሎች ኪራይ ነው። ጡረታ የላቸውም። «እናንተ ሁላችሁም ቤት ሠርታችሁ ከወጣችሁ እኔ ጋ ማን ይቀራል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም።

ጎረቤታችን ደግሞ የሚያስጨንቃቸው ውሃ ነበር። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ሌሊት ቢመጣ ነው። «ከላይ መቶ አባወራ ከተጨመረ እኛ ጋ ጠብታ አይደርስም» ይሉ ነበር። የደብራችን ካህናት ጥያቄ የተለየ ነው። ሜዳው ጥምቀት ሲመጣ ታቦት የሚያድርበት ነው። ሳይት ፕላኑን የሠራው ባለሙያ ይህን አላወቀም። ወረቀቱ ላይ ባዶ መሬት ነበር።

እነዚህ አራት ጭንቀቶች አራት የተለያየ መልስ ይፈልጋሉ። አንዱ የገቢ ጥያቄ ነው። አንዱ የውሃ ማጠራቀሚያና የመስመር ጥያቄ ነው። አንዱ ሳይቱን ጥቂት በመግፋት ይፈታል። የፀጥታውም ጥያቄ ቢሆን የመንገድ መብራት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ፤ በዚያ በኩል ማታ ሴቶች ተዘርፈዋል። ሁሉንም «ምቀኛ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ስንከታቸው አንዱንም ሳንመልስ ቀረን።

ችካል ከተተከለ በኋላ ስብሰባ መጥራት

ቀያሾች የመጡት ማክሰኞ ቀን ነው። ገመድ ዘረጉ፣ ችካል ተከሉ፣ ሄዱ። ሰፈሩ ስለ ግንባታው የሰማው በችካሉ ነው። ስብሰባው የተጠራው ከዚያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። እስከዚያ ችካሉ ሌሊት ተነቅሎ አድሯል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ፣ ዜጎች የሚኖሩበትን ማህበረሰብ በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ2000 የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅም ፕላን ያለ ነዋሪው ተሳትፎ እንዳይሠራ ነው የሚፈልገው። ይህ ለይምሰል የሚሞላ ፎርም አይደለም። ሰው ሳይጠየቅ የተወሰነ ነገር ጥሩም ቢሆን ይመረዋል። «አወያይተናል» ለማለት ብቻ የተጠራ ስብሰባ ደግሞ ጨርሶ ካልተጠራው ይብሳል፤ ሰው እንደተናቀ ያውቃልና።

የቀን ምርጫም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የእኛ ስብሰባ በገበያ ቀን ተጠራ። ሴቶቹ ግማሹ አልመጡም። ሁለተኛው ኅዳር ላይ፣ ጤፍ በሚታጨድበት ወቅት ተጠራ። ገበሬ አዝመራውን ሜዳ ላይ ትቶ አዳራሽ አይቀመጥም። ጎጃም ውስጥ ሰው ሞፈር የማይነካባቸው ቀኖች አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሰው በሙሉ ይገኛል። ሦስተኛውን ስብሰባ በ21 አደረግነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ገበሬዎቹ ሲናገሩ የሰማነው ያኔ ነው።

ገበሬውን መጨረሻ ላይ ማስታወስ

ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የከተማ ሰው «ባዶ ቦታ» ሲል ብዙ ጊዜ የሰው እርሻ ማለቱ ነው። ከሜዳው ቀጥሎ ያለው ቃዳ ቃዳ ተከፋፍሎ የሚታረስ መሬት ነበር። የአራት አባወራ ነው። ከሰፈሩ ነዋሪ ጋር ስንከራከር እነዚህን ሰዎች ማንም አላነጋገራቸውም ነበር። እኛም «ካሳ ይከፈላቸዋል» ብለን አለፍን።

ካሳ እንዴት እንደሚሰላ የሚያውቅ ሰው ግን በመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ወሬ ቦታውን ያዘ። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ነው። ዋናው ሐሳብ እንዲህ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የመሬቱ ዋጋ አይከፈልም። የሚከፈለው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት እና ለሚቀረው ገቢ ነው። በቋሚነት ለሚነሳና ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው ተወስዶ በ15 ይባዛል። ለምሳሌ በጥሩው ዓመት ከዚያ መሬት 40 ሺህ ብር ያገኘ ሰው ስሌቱ 600 ሺህ ይመጣል። ባሕር ዛፉ፣ አጥሩ፣ ጎጆው ለብቻ ይገመታል።

ይህ በወረቀት ላይ ብዙ ይመስላል። አንድ አዛውንት ግን እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ «ብሩ ሲያልቅ ልጄ ምን ያርሳል?» ጥያቄው ትክክል ነው። ካሳ ተቀብሎ በሁለት ዓመት ባዶ እጁን የቀረ ገበሬ ያላየ ከተሜ የለም። ለዚህ ነው ምትክ ቦታ፣ የልጆች ሥራ፣ በማህበር የመደራጀት ዕድል ከብሩ እኩል መነሳት ያለበት። ከአራቱ አባወራ የሁለቱ ልጆች ቤት ፈላጊዎች ነበሩ። ሁለቱም ከተማ ውስጥ ተከራይተው ይኖራሉ። ማህበር ውስጥ መግባት እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም።

ጊዜም ወሳኝ ነው። በዚያው በ1161 አዋጅ መሠረት መሬትህን ልቀቅ የሚል ትእዛዝ የደረሰው ሰው ቅሬታውን በ30 ቀን ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ማቅረብ ይችላል። ከዚያ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ከአራቱ አንዱ ደብዳቤውን ሳጥን ውስጥ ከቶ ሲያርስ ቆየ። 30 ቀኑ አለፈ። አዋጁ በ2016 ማሻሻያ ወጥቶለታል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው የቆየ ኮፒ ከሆነ ማሻሻያውን ጨምራችሁ አስነብቡ፤ ቀኑንም ከዚያ አረጋግጡ። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት የሚያነብለት ሰው ይፈልግ፤ ባይፈልግ እንኳ ጎረቤት ይሂድለት።

እና እባካችሁ፣ ካሳው ሳይከፈል ዶዘር እንዲገባ አትግፉ። እኛ ገፍተናል። ያንን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ቤቱን ትቶ ሰውን መቃወም

አሁን ወደ ሰፈሩ ሰዎች ልዙር። በዚያ ወረቀት ላይ ከተጻፉት ምክንያቶች አንዱ «ከየትም የመጣ ተከራይ ሰፈሩን ያበላሻል» የሚል ነበር። ወረቀቱን ከጎኔ ያነበበው ጎልማሳ ቀና ብሎ አየኝና አፈረ።

«ከየትም የመጣ» የተባለው ማን ነው? አስተማሪ ናት፣ ነርስ ነው፣ የባንክ ጥበቃ ነው፣ የጋራዥ ሠራተኛ ነው። አብዛኛው እዚያው ሰፈር ጓሮ ውስጥ በጭቃ ሰርቪስ ቤት ዓመታት የኖረ ነው። በእድራችሁ ድንኳን የተከለ፣ ለቀብራችሁ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ነው። ቤት ሲሠራ ነው እንዴ እንግዳ የሚሆነው?

ሰፈሩም ራሱ እንዴት እንደተመሠረተ ማስታወስ ደግ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 500 ካሬ ሜትር ድረስ ቦታ እየተመራ ቤት ተሠራ። ብዙ ሰው በማህበር እየተደራጀ ሠራ። የእማማ ባለቤትም ቦታውን ያገኙት እንዲያ ነው። ያኔም ዳሩ ሜዳ ነበር። ያኔም ሜዳው ላይ ከብት የሚያግድ ሰው ነበር።

ይህን የምለው ለማሳፈር አይደለም። ሰውን የሚቃወም ማመልከቻ ምንም አያስገኝም፤ መሥሪያ ቤቱም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ይረሳዋል። ፕላኑን የሚጠይቅ ማመልከቻ ግን መልስ ያስፈልገዋል። የውሃ መስመሩ ከየት ይቀጠላል? የመጸዳጃ ጉድጓዱ ከቤታችን ስንት ሜትር ይርቃል? ሲሞላ ማን ያስመጥጠዋል? ትራንስፎርመሩ ይችላል? መንገዱ ስንት ሜትር ስፋት አለው? የአምቡላንስ መግቢያ አለው ወይ? ታቦት የሚያልፍበት ቦታ ተትቷል?

ጎርፉን በአፍ ብቻ መናገር

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለብቻዋ የማነሳት አንድ አለች፤ ጎርፍ። የጎጃምን ክረምት ማን ያስረዳል! ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ አይዘጋም። ዛሬ ሜዳው ስፖንጅ ነው፤ ዝናቡን ይጠጣል። ነገ ቆርቆሮና ኮንክሪት ሲለብስ ያው ውሃ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያሉት ደግሞ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ባሕር ዳር ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነባቸው ሰፈሮች ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ክረምት ላይ የመጸዳጃው ጉድጓድ ራሱ ውሃ ይሞላበታል።

ከታች ያሉት እናቶች ይህን በየስብሰባው ተናገሩ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አንዲት መስመር አልገባም። ሥራ ሲጀመር ቦይ በዲዛይኑ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ፦ ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀን ይኑረው። ለሚመለከተው ክፍል ስታስገቡ ሁለተኛው ኮፒ ላይ የገቢ ማህተም አስመቱ። ባለፈው ክረምት ውሃው ግድግዳው ላይ እስከየት እንደደረሰ በስልካችሁ አንሱና አያይዙ። ስብሰባ ላይ የተናገራችሁት ቃለ ጉባኤው ላይ መግባቱን ሳታዩ አትፈርሙ።

ቤቱ ለማን እንደሆነ መደበቅ

«ለአነስተኛ ገቢ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አያምነውም። ሰው ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የሰማው አለ። 20/80 ሲባል ገዢው 20 በመቶ ቀድሞ ይከፍላል፣ 80ው የባንክ ብድር ነው። 10/90 ደግሞ ለባሰ ዝቅተኛ ገቢ የታሰበ ነበር። ግን ዕጣ የወጣለት ሰው ወርሃዊ ዕዳው ሲከብደው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ ሲከራይ ሰው አይቷል። ስለዚህ «ለድሃ ነው ትላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ባለሥልጣንና ነጋዴ ይገባበታል» የሚለው ጥርጣሬ ከሜዳ የመጣ አይደለም።

መድኃኒቱ መግለጥ ነው። የአባላቱን ስምና ሥራ ቀበሌው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ። ስንት እንደቆጠቡ መናገር። ማን በምን መስፈርት እንደገባ ማሳየት። እኛ ዝርዝሩን የለጠፍነው በጣም ዘግይተን ነው። በለጠፍነው ማግስት አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ስሟ ላይ ጣቷን አድርጋ ለጎረቤቶቿ ስታሳይ አየሁ። ከአሥር ስብሰባ ይልቅ ያቺ ጣት ሠርታለች።

ደላላ

አጭር ነው። «የድሃ ቤት ሲመጣ ቤትህ ይረክሳል፤ አሁኑኑ ሽጥ» የሚል ሰው ቤታችሁ ከመጣ፣ ገዢው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መንገድና መብራት የሚመጣበትን ቦታ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ሚሊሻ ይዞ መሄድ

ችካሉ ሁለተኛ ሲነቀል ኮሚቴያችን ለሚመለከተው አካል አመለከተ። በማግስቱ ቀያሾቹ ከታጣቂ ጋር መጡ። ሰው በየቤቱ ገብቶ ዝም አለ። እኛ ዝምታውን እሺታ መሰለን። አልነበረም። ክልላችን ውስጥ ሰው ባለፉት ዓመታት መሣሪያ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግርም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር ማንም አላነጋገረንም። ለቡና እንኳ መጠራራት ቀረ።

ያስታረቀን እድር ነው። የእድሩ ዳኛ ሦስት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሁለቱ ከሰፈሩ ናቸው፣ አንዱ ከገበሬዎቹ ወገን። መጀመሪያ ያሉት «ዳኝነት ልንሰጥ አልመጣንም፤ ሜዳውን አብረን እንዞረው» ነው። ዞርነው። ካህኑ ታቦቱ የሚያድርበትን ቦታ በእግራቸው ለኩ። እናቶቹ ውሃው የሚወርድበትን መስመር አሳዩ። መሐንዲሱ እያየ ጻፈ። በመጨረሻ አንደኛው ብሎክ ወደ ላይ ተገፋ፣ ከታች ቦይ እንዲገባ ተስማማን፣ ከሜዳው ሲሶው ክፍት ሆኖ ቀረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከሁለት ዓመት በፊት በችካሉ ፋንታ ይህ ቢደረግ!

ሽማግሌ የማይፈታው ነገርም አለ። የገበሬው ካሳ በሽምግልና አይቀነስም። «ለሰላም ብለህ ተው» ማለት እዚያ ላይ ሰላም አይደለም። ያ በሕጉ መሠረት ይከፈል።

ግንባታ ሲጀመር መበተን

አሁን ብሎኮቹ ሁለተኛ ወለል ደርሰዋል። የሰፈሩ ኮሚቴ ተበትኗል፤ የእኛም ስብሰባ ሳስቷል። ይህም ስህተት ነው። ቦዩ ከላይ ተቆፍሯል፣ በድንጋይም ተገንብቷል። የታችኛው ጫፉ ግን ገና ከወንዙ ጋር አልተገናኘም። ውሃው መጥቶ የሚቆመው እነዚያ ቤቶች አጠገብ ነው። ከእናቶቹ ጋር ሆነን መጋቢት ላይ ማመልከቻ አስገብተናል፤ ማህተም ያለበት ኮፒ እማማ ቤት፣ የቡና ረከቦታቸው ያለበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እማማ ከአራቱ ክፍሎች የአንዱን በር ወደ መንገድ አውጥተው ሱቅ ሊያደርጉት አስበዋል፤ ግንበኞቹ ሻይና ዳቦ የሚያገኙበት ቅርብ ቦታ የለም። እኔ የምለቀውን ክፍል ማን እንደሚከራየው ግን ገና አልታወቀም። ሰኔ ሊገባ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሰኞ ጠዋት ከእናቶቹ ጋር ተያይዘን ስለ ቦዩ ልንጠይቅ እንሄዳለን።